ከደረት አንድ ስንዝር

ብረቱ ከደረቷ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። እዚያው፣ የተለመደችው ቦታ ላይ። ክንዶቿ ተንቀጠቀጡ፤ የአንገቷ ሥሮች ተገተሩ፤ ጥርሷን ነክሳ አቃሰተች። ብረቱ ግን እንደ ግትር በቅሎ ወደፊትም አይል ወደኋላም አይል። ከራስጌዋ የቆመው አሰልጣኝ ሁለት እጁን ከሥሩ አስገብቶ ተቀበላትና ወደ ማስቀመጫው መለሰው።

«ለምን ነካኸው?» አለች፣ ገና ከአግዳሚው ሳትነሣ።

«ሊወርድብሽ ነበራ!»

«እየወጣ ነበር።»

«የምትወጣውስ ያንቺ ነፍስ ነበረች» አለ አሰልጣኙ።

ስልሳ ኪሎ ነው። ሃምሳ ሰባት ኪሎ ተኩሉን በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ ትገፋዋለች። ስልሳ ሲሆን ግን፣ ይኸው ሰባት ወር ሆነው፣ ከደረቷ አንድ ስንዝር ላይ ሲደርስ እምቢ ይላል። ሁለት ኪሎ ተኩል ብቻ! ሁለት ኪሎ ተኩል ማለት ከገበያ በአንድ እጅ አንጠልጥላ የምትመለሰው ሽንኩርት ነው። ይህን ስታስብ ነው ደሟ የሚፈላው።

አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንሶላ፣ ጋዋንና የቀዶ ጥገና ጨርቅ ስትተኩስ ኖራለች። ጂም የገባች ሰሞን ወጣቶቹ ሥራዋን ቢጠይቋት «ተኳሽ ነኝ» አለቻቸው። ልጆቹ የጦር ሜዳ ሰው መስላቸው አንድ ሳምንት ሙሉ መንገድ ሲለቁላት ሰነበቱ። ነገሩ ሲገለጥ ሣቁ፣ ስሙ ግን ተለጥፎ ቀረ። እስከ ዛሬ ተኳሿ ነች።

ወደ ብረት ያመጣት ጌጥ አልነበረም። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ቀኝ ጎኑ ከዳው። ሐኪሞች ነፍሱን አተረፉለት፤ ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን ግን ሊመልሱለት አልቻሉም። ንግግሩም ግማሹ ተውጦ ግማሹ ነው የሚወጣው። ሰማንያ አራት ኪሎ የሚመዝን ሰው ነው፤ ጀርባው እንዳይቆስል ደግሞ ቀንም ሌሊትም በየሦስት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት። ገና በሁለተኛው ወር ወገቧ ቅጭት አላት። የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አገላብጣ አየቻትና «አንቺ ራስሽ ካልጠነከርሽ ነገ ቤትሽ ውስጥ ሁለት አልጋ ነው የሚዘረጋው» አለቻት።

ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከጎማ መጠገኛ ቤት በላይ፣ ግድግዳው ላብ ላብ የሚሸት አንድ ጂም ነበር። ለወገቧ ብላ ገባች። ለወገቧ የሚሆነውን ሁሉ ተማረች፤ ልቧ የሸፈተው ግን በዚያ በደረት አግዳሚ ነው። በጀርባ ተኝቶ ብረቱን ወደ ደረት ማውረድ፣ ከዚያ ወደ ሰማይ መግፋት። በቀን ውስጥ እሷ የምትሸከመው እንጂ የምትገፋው ነገር አልነበራትም። መጀመሪያ ባዶውን ዘንግ ገፋች፤ ሃያ ኪሎ ነው። ከዚያ ሠላሳ አለች፣ አርባ አለች። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ብረቱ እንደ ልጅ በዓይኗ ሥር አደገላት። ስልሳ ላይ ስትደርስ በሩ ተዘጋ።

ያልሞከረችው የለም። እንቁላል ጨመረች። ሦስት ቀን የነበረውን ልምምድ አራት ቀን አደረገችው። አንዱ ወጣት ትንፋሽሽን ያዢ ሲላት ያዘች፣ ሌላው ልቀቂ ሲላት ለቀቀች። በየሳምንቱ ስልሳን ትጭናለች፣ በየሳምንቱ አንድ ስንዝር ላይ ትቀራለች።

ያን ቀን አሰልጣኙ ዲስኮቹን አውርዶ ወደ መደርደሪያቸው ሲመልስ ቆየና አጠገቧ ተቀመጠ። የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ብረት አንሥቶ ዋንጫ የወሰደ፣ አሁን ድምፁን እንኳ በቁጠባ የሚያወጣ።

«አንቺ እኮ እየሠራሽ አይደለም» አላት። «ራስሽን እየፈተንሽ ነው። በየሳምንቱ ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ መቼ ያጠናል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«በሌሊት ለስንት ሰዓት ያህል ትተኛለሽ?»

«ስድስት» አለች፣ ዓይኗን ጫማዋ ላይ አድርጋ።

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«ነገርኩህ እኮ!»

እውነቱ ሌላ ነበር። አንዴ ስትተኛ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ሳትነቃ ተኝታ አታውቅም። ደወል አያስፈልጋትም፤ ሰውነቷ ራሱ ደወል ሆኗል። በሥራ ቀን እንኳ ለሻይ በሚሰጣቸው ሠላሳ ደቂቃ ቤቷ ድረስ ሮጣ፣ ባሏን ገልብጣ፣ ሮጣ ትመለሳለች። ሻይ ከጠጣች ዘመን የላትም።

«ጡንቻ የሚሠራው እዚህ አይደለም» አለ አሰልጣኙ አግዳሚውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ። «እዚህ የሚፈርሰው ነው። የሚገነባው ተኝተሽ ነው። አንቺ ደግሞ ሦስት ዓመት ስታፈርሺ ኖረሻል። ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ወር ስልሳን አትነኪም። ቤት ውስጥ የሚያግዝሽ ሰው ፈልጊ።»

«ሰው የለኝም» ብላ ፎጣዋን አንሥታ ወጣች።

ሰው ነበራት። የባሏ ታላቅ እህት፣ ባልም ሚስትም «እትዬ» የሚሏቸው፣ ጡረታ የወጡ የልብስ ስፌት አስተማሪ፣ ሁለት ሰፈር ተሻግረው ብቻቸውን ይኖራሉ። በየጊዜው «ሌሊቱን እኔ ልያዝልሽ» ይላሉ። እሷም በየጊዜው «አይ፣ ይብቃዎት እትዬ» ትላለች። ከዚህ ከ«ይብቃዎት» ጀርባ የሦስት ዓመት ቂም ተኝቷል።

ባሏ ከመውደቁ በፊት በነበረው ምሽት ራሱን አሞት ነበር። እሷ ደክሟት ነበርና «ተኛ፣ ይለቅሃል» አለችው። በማግስቱ የሆነው ሆነ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ እትዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ራሱን ሲያመው ተኛ ያልሽው አንቺ ነሽ! አስተኝተሽ ገደልሽው!» ብለው ጮኹባት። ባልየው አልሞተም። ቃሉ ግን ከጆሮዋ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ እሷ እንቅልፍ ሲጥላት የሰረቀችው ነገር ያለ ይመስል ደንግጣ ነው የምትነሣው።

ሐሙስ ዕለት አሰልጣኙ ልጁን ጥርስ ሊያስነቅል ሄዶ ጂሙ ተዘግቶ ነበር። ቁልፉ ታች ጎማ ጠጋኙ ዘንድ እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ከሥራዋ በስምንት ሰዓት ወጣችና «ቀለል ያለ ነገር ሠርቼ ልወርድ ነው» ብላ ተቀበለችው። ባሏን የምትገለብጠው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ጊዜ አለ።

ላይ ስትወጣ ክፍሉ ባዶ ነው። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ተሰጥቷል። ስታሟሙቅ አርባ ገፋች፣ ሃምሳ ገፋች። እጆቿ አላረፉም፤ ስልሳን ጫነች። ዲስኮቹ እንዳይንሸራተቱ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች ጠበቅ አደረገች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታል ሥራ ማንኛውንም ነገር አጥብቆ መዝጋት አስተምሯታል፤ ያን ቀን ያ ልማዷ ጠላቷ ሆነ። ብቻውን የሚገፋ ሰው ዲስኩን አይቆልፍም፤ ሲጨንቀው በአንድ ጎን አዘንብሎ ያፈሰዋል።

ተኛች። ያዘች። አነሣች። አወረደች። ደረቷን ነካ፤ ገፋች፤ አንድ ስንዝር ወጣ፤ ቆመ።

ከራስጌዋ ማንም የለም።

ገፋች። በተረከዟ ወለሉን ቧጠጠች። ክንዷ ከሥሩ መራድ ጀመረ። ግራው ቀድሞ ላላ፤ ብረቱ ወደ ግራ ዘመመና እንደ ወደቀ ግንድ ደረቷ ላይ አረፈ። ከጎድን አጥንቶቿ መሃል የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማችው። ሰማችው እንጂ መጀመሪያ አላመማትም።

«ኡኡ!» ልትል ሞከረች። የወጣው ድምፅ ግን የታነቀች ዶሮ ድምፅ ነበር። ታች የጎማው ነፊ ሞተር ድም ድም ይላል፤ ጎማ ጠጋኙ መብረቅ ቢወርድም አይሰማም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ተንጋልላ አየችው። ስምንት ከአርባ። ትንፋሽ ስታስገባ ብረቱ ከእሷ ጋር ይነሣል፤ ስታስወጣ ትንሽ ተጨማሪ ይሰምጣል፤ ያንን ያህል መልሳ ማስገባት አትችልም። እያንዳንዱ ትንፋሽ ካለፈው ያነሰ ሆነ።

ያን ጊዜ ፈራች። የፈራችው ሞትን ብቻ አይደለም። ባሏ እዚያ አልጋ ላይ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ በሩን እያየ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፣ አሥር ይሆናል፣ በሩ አይከፈትም። «አስተኝተሽ ገደልሽው» የሚለው ድምፅ መጣባት።

«ዛሬስ አይሆንም» አለች በውስጧ።

ወደ ላይ መግፋቱን ተወችው። በሁለት መዳፏ ብረቱን ወደ እግሯ አቅጣጫ መጠቅለል ጀመረች። ከደረቷ ወደ ጨጓራዋ ሲወርድ የበላችው ሁሉ ወደ ጉሮሮዋ መጣ። እንባዋ በሁለቱም ጎን ወደ ጆሮዋ ፈሰሰ። ሆዷን አጠነከረች፣ ጠቀለለች፣ አረፈች፣ ጠቀለለች። ዳሌዋ አጥንት ላይ ሲደርስ ጮኸች፤ ጭኗ ላይ ሲደርስ ቀና ብላ ተቀመጠች። ብረቱን ታቅፋ ተቀምጣ አለቀሰች። ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።

ቤቷ እስክትደርስ ጎኗን ይዛ በእያንዳንዱ የስልክ እንጨት ሥር ቆማለች። የስምንት ደቂቃው መንገድ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። በሩ ገርበብ ብሏል። ደጃፉ ላይ የእትዬ ጥቁር ጫማ ተቀምጧል።

ባሏ ወለሉ ላይ ነበር። አልጋው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ራሱን እህቱ ጉልበት ላይ አስደግፎ። ግንባሩ ላይ የተላጠ ቦታ አለ። እትዬ የሰፉለትን የትራስ ልብስ ሊያደርሱ መጥተው ነው እንዲህ ያገኙት። ሚስቱ ስትዘገይ በራሱ ሊገላበጥ ሞክሮ ተንከባሎ ወርዷል።

«የት ነበርሽ?» አሉ እትዬ። አልጮኹም፤ ያለመጮኻቸው የባሰ አስፈራት።

ልታነሣው ጎንበስ አለች። ጎኗ በቢላ እንደ ተወጋ ሆነና ግድግዳውን ይዛ ቀረች። እንደገና ሞከረች። አልቻለችም። ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን ማንሣት አቃታት።

«ምን ሆነሻል?» አሉ እትዬ።

«ጎኔን...» አለች። ከዚያም ለሦስት ዓመት ያላለችውን አለች። «እትዬ፣ እርስዎ ያንሡት። እኔ እነግርዎታለሁ።»

እትዬ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቁመታቸውም ከበሩ እጀታ ብዙ የማያልፍ። ወንድማቸውን አዩት፣ እሷን አዩ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩ።

«ከወገብዎ እንዳይጎነበሱ። በርከክ ይበሉ። አዎ። መጀመሪያ ቁጭ እናድርገው፤ ክንድዎን በብብቱ ሥር ያሳልፉና ደረቱን ከደረትዎ ያስጠጉት። አያርቁት፤ በራቀ ቁጥር ይከብዳል። አንተ ደህናውን እግርህን ሰብስብ፣ በግራ እጅህ አልጋውን ያዝ። እኔ ሦስት ስል በእግርዎ ነው የሚነሡት፣ በእጅዎ አይደለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

እትዬ እንደ ጣውላ ሲጥ አሉ፤ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ለአንድ አፍታ ወንድምና እህት በመሃል ተንጠልጥለው ቀሩ፤ መውደቂያቸው ነው ብላ ዓይኗን ልትጨፍን ስትል ዳሌው የአልጋውን ጫፍ አገኘ። እትዬም ከላዩ ተደፍተው ቀሩ።



«የት ነበርሽ ነው ያልኩሽ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀና ብለው።

«ብረት ሥር። ወደቀብኝ።»

«ስንት ኪሎ ነው?»

«ስልሳ።»

እትዬ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ወንድሜ ሰማንያ አራት ነው» አሉ።

ባልየው በግማሽ አፉ ሣቀ። ሣቁ ቀስ እያለ ደከመና ፊቱ ተለወጠ። ግራ እጁን ዘርግቶ የሚስቱን ቀሚስ ያዘ።

«ተኚ» አላት።

«ምን?»

«አንቺ... ተኚ። እህቴ... ትያዘኝ። ሌሊት ስትነሺ... ነቅቼ ነው የማይሽ። ግድግዳ... ይዘሽ ትሄጃለሽ። እኔን ብለሽ... ሞተሽ... ማን ይቀርልኛል?»

«ተኚ ትለኛለህ?» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። «ተኛ ብዬህ አይደል እንዲህ የሆንከው? እኔ ተኛ ብዬህ አይደል?»

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ምንጣፉን ያያሉ፤ በጣታቸው የነጠላቸውን ጥለት ያፍተለትላሉ።

«እኔ ነኝ ያንን ያልኩሽ» አሉ። «በዚያው ሳምንት ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። የደሙ ግፊት ከዓመታት በፊት የጀመረ ነው አለኝ። ያን ምሽት ብትጮኺም ብታስተኚውም የሚመጣው አይቀርም ነበር አለኝ። መጥቼ ልነግርሽ አሰብኩ፤ ዛሬ ነገ ስል ቃሉ አፌ ውስጥ በሰበሰ። በመጣሁ ቁጥር ልነግርሽ ነው የምመጣው። ትራስ ልብስ እየሰፋሁ እመጣለሁ፣ ትራስ ልብስ ሰጥቼ እሄዳለሁ። ይህ ቤት ስንት ትራስ አለው? ሁለት ነው ያለው።»

ሦስት ዓመት ያረገዘችው ንዴት የት እንደሚወለድ ጠፋው። ወደ ማድ ቤት ሄደችና የታጠበ ብርጭቆ መልሳ አጠበች፣ እንደገናም አጠበች። ይቅር ብያለሁ አላለችም። ስትመለስ ግን፣ «ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ» አለች። «ሦስት ሌሊት። የሚገለበጥበትን ሰዓት ጽፌ እሰጥዎታለሁ።»

«ማንበብ አያቅተኝም» አሉ እትዬ።

ሐኪም ቤት ስትታይ አንድ የጎድን አጥንቷ ተሰንጥቋል። አምስት ሳምንት ብረት እንዳትነካ ተባለች። አሰልጣኙ የሆነውን ከጎማ ጠጋኙ ሰምቶ ኖሮ፣ በስድስተኛው ሳምንት ጂም ስትመጣ አልተቆጣም፤ የጂሙን ቁልፍ ግን በክር አሥሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ያንን ስታይ ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር።

እንቅልፍም ቢሆን በጄ ብሎ አልመጣም። የመጀመሪያዎቹን የእትዬ ሌሊቶች ጣራ ላይ አፍጥጣ ነው ያነጋችው፤ ከጓዳ ሆና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለውን ትሰማለች፤ ተነሥታ ልሂድ ትላለች፤ ጎኗ ይይዛታል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ ጋደም እንዳለች ስትነቃ ፀሐይ ፊቷ ላይ ነበር። በድንጋጤ በባዶ እግሯ ሮጣ ገባች። ባሏ በትራስ ተደግፎ እትዬ ያጎርሱታል፤ ሁለቱም ቀና ብለው አይተዋት መብላታቸውን ቀጠሉ።

ጂም ውስጥ አሰልጣኙ ከአርባ ኪሎ አስጀመራት። «ደረትሽ ላይ ይረፍ። ሁለት ቁጠሪ። ከዚያ ግፊ።» ትከሻዋን ከሥር ሰብስባ አግዳሚው ላይ እንድትተክል፣ ክርኗን እንደ ዶሮ ክንፍ እንዳትከፍት፣ ከሁሉ በላይ በእግሯ ወለሉን እንድትገፋ አደረገ። አንዳንድ ቀን መዳፎቿን አቀራርባ እንድትይዝ ያደርጋታል፤ ከደረት በላይ የሚቆመውን ብረት የሚጨርሰው የክንድ ጀርባ ነውና።

«ይህ የሕፃን ክብደት ነው» አለችው።

«ሕፃንሽን አሳድጊያ።»

በየሳምንቱ አንዲት ኪሎ፣ ወይ አንዲት ተኩል ይጨምርላታል። ገና ሁለት ሦስት መግፋት የምትችል ሳለች ያስቆማታል። ያናድዳታል፤ ተርባ ከማዕድ እንደ መነሣት ነው። ግን የሆነ ነገር እየተለወጠ ነበር። ሃምሳ ሁለትን አምስት ጊዜ ገፋች። ሃምሳ አምስትን ደረቷ ላይ አሳርፋ አራት ጊዜ ገፋች። ሥራ ቦታ የእርጥብ አንሶላው ክምር ቀለላት።

ከአደጋው በኋላ በአራተኛው ወር፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ አሰልጣኙ «ዛሬ» አላት።

ስልሳው ተጫነ። ወጣቶቹ የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ መስለው አቅጣጫቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ተኛች። ብረቱን ያዘች። ከማስቀመጫው ስታነሣው ያ የተሰነጠቀው ጎኗ፣ ድኖ ያለቀው ጎኗ፣ ቀጭ ሲል የሰማች መሰላት። እጆቿ ውስጥ ያለው ጉልበት እንደ ውሃ ፈሰሰ። ገና ሳታወርደው መልሳ አስቀመጠችው።

«አልችልም» አለች።

«አላወረድሽውም እኮ።»

«አልችልም አልኩህ!»

ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ታች ጎማ ነፊው ድም ድም ይላል። መዳፏን አየችው፤ ያልባታል። አሰልጣኙ መጥቶ ከእሷ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ዛሬ ካልሆነ ሌላ ቀን ነው» አላት። «ቀን አላለቀብንም።»

«ብረቱን አይደለም የምፈራው። ደረቴ ላይ ሲያርፍ ያ ቀን ይመጣብኛል። ትንፋሼ ሲያጥር...»

«ያን ቀን ከራስጌሽ ማን ነበር?»

«ማንም።»

«ዛሬስ?»

«አንድ ነገር ቃል ግባልኝ» አለችው። «አንድ ስንዝር ላይ ሲቆም አትንካው። እኔ ‹ያዝ› እስክል ድረስ።»

አሰልጣኙ ጢሙን አሻሸ። «እኔም እኮ እፈራለሁ» አለ። «ሰው እጄ ላይ እንዲሞት አልፈልግም። ለዚያ ነው ቶሎ የምነካው።» ከዚያ ተነሣ። «እሺ። ያዝ እስክትዪ።»

ተመልሳ ገባች። ተኛች። ትከሻዋን አግዳሚው ውስጥ ቀበረች፤ እግሯን ተከለች። አሰልጣኙ ከራስጌዋ ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ኋላው አጣመረ።

አነሣች። አወረደች። ብረቱ ደረቷን ነካ፤ ፍርሃቱ መጣ፤ ይምጣ ብላ ለቀቀችው። አንድ። ሁለት። ወለሉን በእግሯ ረገጠች።

ብረቱ ተነሣ። ግማሽ ስንዝር። አንድ ስንዝር።

ቆመ።

ጂሙ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ጠፋ። ግራ ክንዷ መራድ ጀመረ። «ያዝ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀምጧል፤ ጥርሷን ዘጋችበት። አሰልጣኙ ከላይ ቁልቁል ያያታል፤ ግንባሩ ላይ ላብ አለ፣ ከንፈሩን ነክሷል፣ እጁ ግን ከኋላው አልመጣም። እግሯን ደግማ ረገጠች። ከሥር፣ ከተረከዟ፣ በጭኗ፣ በጀርባዋ በኩል የሆነ ነገር ሽቅብ መጣ። ድሮ በክንዷ ብቻ ነበር የምትገፋው፤ ዛሬ ሙሉ ሰውነቷ ተሰልፎ መጣ። ብረቱ እንደ ዝሆን ቀስ ብሎ፣ መንቀሳቀሱ እስኪያጠራጥር ቀስ ብሎ፣ ያቺን ቦታ አለፈ። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ክርኗ መዘርጋት ጀመረ። ሁለት ስንዝር። ጩኸቷ እሷን ቀድሞ ወጣ፤ ክንዶቿ ተዘርግተው ቀጥ አሉ፤ ብረቱ ማስቀመጫው ላይ ቋ ብሎ አረፈ።

ወጣቶቹ የያዙትን ጥለው ጮኹ። አንዱ «ተኳሿ መታችው!» አለ። አሰልጣኙ ከኋላው አጣምሮት የነበረውን እጁን ፈትቶ ጣቶቹን ያፍታታል። አጥብቆ ከመያዙ የተነሣ ነጭ ሆነዋል።

«አልነካኸውም?» አለችው ተኝታ።

«በልጄ እምላለሁ።»



ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። የእትዬ ቀን አልነበረም፤ ግን መጥተዋል። ወንበር ላይ መነጽራቸውን እንዳደረጉ፣ መርፌና ክር በእጃቸው እንደያዙ፣ አፋቸውን ከፍተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ልትናገር ስትል ባሏ ግራ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እንዳትቀሰቅሺያት ማለቱ ነው።

በእግሯ ጫፍ ሄዳ ወደ ግራ ጎኑ ገለበጠችው፤ ትራሱን ከጀርባው ወሸቀችለት። ፊቷን ትክ ብሎ አየውና ቅንድቡን ወደ ላይ አደረገ። እንዴት ነው?

አምስት ጣቷን ዘረጋች፤ አንድ ጨመረች። ስድስት።

ባሏ ዓይኑን ጨፍኖ ለጥቂት ጊዜ ቆየ። ከዚያ ደህና እጁን ከአንሶላው ሥር አወጣና አምስት ጣት ዘረጋ። አጠፈው። ሁለት ጣት አወጣ። ሰባት።

«እብድ» አለችው በሹክሹክታ።

እትዬ በወንበራቸው ላይ ተገላብጠው ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ አልነቁም። መርፌውን ከእጃቸው ቀስ ብላ ወሰደችና ከመጋረጃው ላይ ሰካችው። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚገለበጥ ሰው የለም። ጫማዋን አውልቃ በባሏ እግርጌ፣ በአልጋው አግድም፣ ጋደም አለች።